ሙሾ በመቶኛ ሲሰፈር

በ2017 ዓ.ም. በጥር መጨረሻ አጎቴ አርፈው ለቅሶ ለመድረስ ሙጃ ወጣሁ። ሙጃ በሰሜን ወሎ የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከወልድያ ወደ ላስታ ደጋ ሽቅብ ሲወጣ የምትገኝ፣ በጥር ወር ብርዷ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ከተማ። እዚያ ሁለት ነገር ገጠመኝ። አንደኛው በለቅሶው ላይ በጆሮዬ የሰማሁት ሙሾ ነው። ሁለተኛው፣ የዚያኑ ሙሾ ስንኞች ወረቀት ላይ ሰፍረው፣ «ይህ ከሌላ ቦታ የተገኘ ነው» የሚል ምልክት ተደርጎባቸው ማየቴ ነው። የዛሬው ሂስ ከዚህ የተነሣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ በአካባቢው የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። በየክረምቱ እየተማረች የሁለተኛ ዲግሪዋን ለመጨረስ የመመረቂያ ጽሑፏ ብቻ ቀርቷታል። ያጠናችው የአገሯን ሙሾ ነው፤ ሙሾ አውራጆች ከእናትና ከአክስት የሰሙትን ስንኝ ለአዲስ ሟች እንዴት እንደሚያበጁት። ሁለት ዓመት ለቅሶ ለቅሶ ዞራ፣ በቴፕ ቀድታ፣ ቃል በቃል ገልብጣ፣ በእንግሊዝኛ ተርጉማ 112 ገጽ ጻፈች። የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ጽሑፏን በኮምፒዩተር ፕሮግራም አስፈተሸና ውጤቱን ሰጣት፤ 31 በመቶ። (የዩኒቨርሲቲውን ስም አላነሣም፤ ነገሩ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለምና።) ከውጤቱ ሥር አማካሪዋ አንድ መስመር ጽፈውበታል፤ «ከ20 በታች አድርገሽ አምጪ።»

«ጋሼ፣ ሌባ ነሽ አሉኝ እኮ» አለችኝ ሪፖርቱን ከቦርሳዋ እያወጣች። ሌባ የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ የለም። ግን እሷ ያነበበችው እንደዚያ ነው፤ አማካሪዋም ያነበቡት እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ በበኩሌ ጽሑፍ ማንበብ እንጀራዬ ስለሆነ ሪፖርቱን ተቀብዬ እንደማንኛውም ጽሑፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ካነበብሁ በኋላ ያመንኩበትን አስቀድሜ ልናገር፤ ቁጥሩ አልዋሸም፣ ግን የተጠየቀው ሌላ የመለሰውም ሌላ ነው። «ይህ ጽሑፍ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ምን ያህል ቃል ይጋራል?» ለሚለው ጥያቄ 31 ትክክለኛ መልስ ነው። «ይህች ሴት ሰርቃለች ወይ?» ለሚለው ግን መልስ አይደለም፤ መልስ ሊሆንም አይችልም።

ቁጥሩ ምን ይቆጥራል?

እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። በዓለም ላይ በጣም የታወቀው ተርኒቲን የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ተጀመረ፤ በ2019 ደግሞ ለሽያጭ የተስማማበት ዋጋ 1.75 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ይህን የምጠቅሰው ነገሩ ከመምህራን ቢሮ ወጥቶ ትልቅ ንግድ መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው።

አሠራሩ ለመረዳት አያስቸግርም። ፕሮግራሙ የተማሪውን ጽሑፍ ይቀበልና ተከታትለው የተሰለፉ ቃላትን ይመለከታል። በጎተራው ሦስት ዓይነት እህል አለ፤ በኢንተርኔት ላይ የሚገኙ ገጾች፣ የምሁራን መጽሔቶች፣ ቀደም ሲል ሌሎች ተማሪዎች ያስገቧቸው ጽሑፎች። የተማሪው የቃላት ሰልፍ ጎተራው ውስጥ ካለው ሰልፍ ጋር ከገጠመ ያሰምርበታል። በመጨረሻም የተሰመረባቸውን ቃላት ከጠቅላላው አንጻር አስልቶ በመቶኛ ይጽፋል። በቃ፤ ሥራው ይኸው ነው።

ተርኒቲን ለቁጥሩ ቀለምም ይሰጠዋል። ምንም ካልገጠመ ሰማያዊ፣ እስከ 24 በመቶ አረንጓዴ፣ ከ25 እስከ 49 ቢጫ፣ ከ50 እስከ 74 ብርቱካንማ፣ ከዚያ በላይ ቀይ። አንባቢ እንደሚገምተው ቀለሙ የመንገድ መብራትን ያስታውሳል፤ አረንጓዴ እለፍ፣ ቀይ ቁም የሚል ይመስላል። ይሁንና ድርጅቱ ራሱ ለተጠቃሚዎቹ የሚለው ሌላ ነው። መመሳሰል ስርቆት አይደለም፤ ለሁሉም የሚሠራ የተቆረጠ ወለል የለም፤ የሚፈርደው ያነበበው መምህር ነው ይላል። ሻጩ «ይህ ሚዛን እንጂ ዳኛ አይደለም» ብሎ የሸጠውን፣ ገዢው ወንበር ላይ አስቀምጦ ፍረድ ይለዋል።

የአክስቴ ልጅ ሪፖርት ግን ቀለም እንኳ አልነበረውም። በቢሮው ጥቁርና ነጭ ማተሚያ ስለታተመ ምንጮቹን የሚለያዩት ቀለማት ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነዋል። ከዋቢ መጻሕፍት የመጣው፣ ከጥቅስ የመጣው፣ ከሰው ጽሑፍ የመጣው በአንድ ጭጋግ ተሸፍኗል። በእያንዳንዱ ግራጫ ጥግ ያለችውን ትንሽ ቁጥር እየተከተልን ከኋላ ካለው የምንጭ ዝርዝር ጋር ማመሳከር ነበረብን። በኩራዝ ስንዴ እንደ መልቀም ነው። ከእሷ ጋር ሁለት ማታ ፈጀብን።

ሠላሳ አንዱ ሲበተን

ተለቅሞ ሲያልቅ የተገኘው ይህ ነው። ከ31 ውስጥ 10 ያህሉ የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። የመጽሐፍ ርእስና የደራሲ ስም እንደማንም ሰው መጻፍ ግዴታ ነው፤ የተለየ ከሆነ ነው ስሕተቱ። 5 ያህሉ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ገብቶ የባለቤቱ ስም የተጠራለት ነው። 4 ያህሉ ደግሞ ትምህርት ክፍሉ ራሱ አዘጋጅቶ ለተማሪው ሁሉ የሚሰጠው የቃለ መሐላ ገጽና «ይህ ጥናት ዓይነታዊ ዘዴን ይከተላል» የሚል ዓይነት በየጥናቱ የሚደጋገም አነጋገር ነው። ይህ 19 ሆነ።

ከቀረው 12 ውስጥ 10 ያህሉ ሙሾው ነው። ከእሷ በፊት ስለ ወሎና ስለ ሌላ አገር ሙሾ ያጠኑ ተማሪዎች አሉ፤ ጽሑፋቸውም በዩኒቨርሲቲዎች የኢንተርኔት ማኅደር ተቀምጧል። እነሱ የሰበሰቧቸው ስንኞች እሷ ሙጃ ላይ ከቀዳቻቸው ጋር ገጥመዋል። ቢገጥሙ ምን ይደንቃል? ሙሾ የሚሠራው እንዲህ ነው። አባትን በምሰሶ፣ ልጅን በዓይን ብርሃን፣ ሞትን በዘራፊ መመሰል የማንም የግል ርስት አይደለም። አውራጇ ከዚህ የጋራ ማከማቻ አንሥታ የሟቹን ስም፣ ሙያውንና አገሩን ታስገባበታለች። ማለዳ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙት ላሊበሎችም የቤቱን ጌታ ስም ከጎረቤት ጠይቀው በቆየ ዜማና ውዳሴ ውስጥ ይሰኩታል። ማንም «ትናንት ለጎረቤቴ ያልከውን ነው የደገምክልኝ» ብሎ አያባርራቸውም።

እንግዲህ ልብ በሉ። የጥናቷ ፍሬ ነገር «ስንኞቹ የጋራ ናቸው፤ ጥበቡ በአገባቡ ላይ ነው» የሚል ነው። ፕሮግራሙ ስንኞቹ ከሌላ ቦታ መገኘታቸውን አሳየ። ማለት፣ የራሷን ማስረጃ አጠናከረላት። አማካሪዋ ግን ማስረጃውን እንደ ወንጀል ቆጥረው «ቀንሺ» አሏት።

እሷም ቀነሰች። ያሳዘነኝ ክፍል ይህ ነው። በመጀመሪያ ጓደኛዋ በሰጣት ምክር ጽሑፉን ቃላት በሚለዋውጥ ፕሮግራም ውስጥ አሳለፈችው። «ሙሾ አውራጅ» ለማለት የተጠቀመችበት የእንግሊዝኛ ሐረግ ሲወጣ፣ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የቅሬታ ኃላፊ» ሆኖ ተገኘ። ይህ የእሷ ብቻ ጉድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ካባናክና ላቤ የሚባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር ሆነው እንዲህ ዓይነት የተሰቃዩ ሐረጎችን ከታተሙ የሳይንስ መጽሔቶች ለቅመው አውጥተዋል፤ «የጡት ካንሰር» መባል የነበረበት «የደረት አደጋ» ዓይነት ነገር ተብሎ ተገኝቷል። ቁጥር ለመሸሽ የተሮጠው ሩጫ ትርጉምን ገደል ይከታል።

ከዚያም የባሰ መጣ። ፕሮግራሙ ስንኞቹን በደንብ ስላልለወጠላት፣ አሥራ አራት ስንኝ ላይ በገዛ እጇ አንዳንድ ቃል ቀየረች። ከሙሾ አውራጇ አፍ የቀዳችውን ቃል! «ምን ላድርግ ጋሼ፣ ቃሉ ካልተቀየረ ቁጥሩ አይወርድም» አለችኝ።

ምሰሶና ግድግዳ

ሠልስት ካለፈ በኋላ፣ ለአጎቴ ሙሾ ወዳወረዱት ሴት ቤት ሄድን። ለጥናቱ ብዙውን ስንኝ የሰጡትም እሳቸው ናቸው። የአክስቴ ልጅ የተለወጠውን ስንኝ አነበበችላቸው። ሽማግሊቱ እስከ ግማሹ ዝም ብለው ሰሙ፤ ከዚያ እጃቸውን አነሡ።

«ግድግዳ አላልኩም» አሉ። «ምሰሶ ነው ያልኩት።»

«ያው ነው ብዬ ነው እማማ፤ ሁለቱም የቤት ነው» አለች እሷ እየተርበተበተች።

«እንዴት ያው ይሆናል ልጄ? ግድግዳ ቢፈርስ በጭቃ ይመረጋል። ምሰሶ ሲወድቅ ነው ጉዱ።»

እኔ በሂስ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አንድ ቃል ለምን በሌላ ሊተካ እንደማይችል በዚህ አጭር አነጋገር ሲገለጽ ግን አልሰማሁም። ይህን ሙሾ ከማን እንደተማሩት ጠየቅኋቸው። «ይቺን ከእናቴ ነው፤ እናቴ ከማን እንደሰማች እንጃላት። ይቺኛዋን ደግሞ ያገባሁበት አገር ሴት ስትል ሰምቼ ነው። የወንድምህን የልጅ ልጆች ያስገባሁባት ግን የእኔ ናት» አሉኝ።

ለአፍታ እናስብ። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው። የሰሙትን የሰሙበትን ተናገሩ፤ የማያውቁትን እንጃ አሉ፤ የራሳቸውን የራሴ ነው አሉ። ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ሊያስተምረው የሚደክመው የምንጭ አጠቃቀም ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? በአማርኛችን «ይላሉ አበው»፣ «እንዳለችው አልቃሽ» እያልን የምንጀምረው ለጌጥ አይደለም፤ ቃሉ የእኔ አይደለም፣ ባለቤት አለው ለማለት ነው። የግርጌ ማስታወሻችን ይህ ነበር።

ሁለት ሕግ

በዚያው አገር አቅራቢያ ይህን ጉዳይ አስቀድሞ የፈታ ሌላ ትምህርት ቤትም አለ። ከላስታ ደቡብ ያለው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በቅኔ ትምህርት ስሙ የሚጠራ አገር ነው። በቅኔ ቤት ሕጉ የታወቀ ነው። ተማሪው የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የሌላውን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ቋንቋችን ይህን ሥራ «ቅኔ መዝረፍ» ይለዋል፤ ዘረፋው ግን ከሰው ኪስ ሳይሆን ከምሥጢር ነው። ጋይንት ቤተልሔም ወደሚገኘው የድጓ ትምህርት ቤት ብንሻገር ደግሞ ሕጉ ይገለበጣል። የድጓ ተማሪ የሚመሰገነው ከመምህሩ የተቀበለውን ቃልና ምልክት ሳይጨምር ሳይቀንስ ሲይዝ ነው፤ አዲስ ነገር ማስገባት ነው እዚያ ጥፋቱ።

ሁለቱን ሊቃውንት በአንድ ቁጥር መዝኑ ብንባል ምን ይወጣል? የድጓው 100 በመቶ ቀይ፣ የቅኔው 0 በመቶ ሰማያዊ። ከዚህ ተነሥተን የድጓውን መምህር ሌባ ልንላቸው ነው? የቤተ ክህነት ሰው ልዩነቱን የሚያውቀው ቁጥር አይቶ ሳይሆን «ይህ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው? ምን ለማድረግ ነው የመጣው?» ብሎ ጠይቆ ነው። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱም ሕጎች አሉ። የተቀዳው ሙሾና የተጠቀሰው መጽሐፍ በድጓ ሕግ መያዝ አለባቸው፤ አንድ ቃል መለወጥ ወንጀል ነው። የተማሪዋ ትንተናና መደምደሚያ በቅኔ ሕግ መሆን አለበት፤ የሰው መድገም ነውር ነው። ቁጥሩ ሁለቱን በአንድ ቁና ይሰፍራል።

በዓለማዊ ድርሰታችንም ቢሆን ነገሩ ይኸው ነው። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልዬት»ን ወደ አማርኛ ሲመልሱ የሼክስፒርን ስም ጠርተው ነው። «ውርስ ትርጉም» የሚለው ስያሜያችንም የእምነት ቃል ነው፤ ወርሻለሁ፣ አውራሽ አለኝ ይላል። በቃላት ቆጠራ ቢለካ የአማርኛው ትርጉም ከእንግሊዝኛው ጋር የሚጋራው ቃል ስለሌለ ውጤቱ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ስሙን የጠራው ተርጓሚም ስሙን የደበቀው ሰራቂም በዚህ ሚዛን እኩል ንጹሕ ናቸው።

ሁለቱ በመቶ

አንባቢ ቆጥሮ ከሆነ ከ31 ውስጥ 29 ብቻ ነው የዘረዘርኩት። 2 ቀርቷል። እውነተኛው ነገር ያለው እዚያ ነው።

በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ስለ ቃል ግጥም ንድፈ ሐሳብ በምታወራበት ገጽ ላይ፣ ሁለት አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ከአንድ የውጭ አገር መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ትእምርተ ጥቅስ የለም። የደራሲው ስም በዚያ ገጽ አልተጠራም። ዓረፍተ ነገሩም ሐሳቡም የሰው ነው፤ እንደራሷ አድርጋ ነው ያቀረበችው። አሳየኋት። ፊቷ ተለዋወጠ። ማስታወሻ ስትይዝ ቀድታው፣ በኋላ የራሷ ማስታወሻ መስሏት እንደገባ ነገረችኝ። አምናታለሁ፤ የደረሰበት ብዙ ሰው አለ። ግን ምንተፋ ማለት ይኸው ነው። ሳይታሰብ ቢሆንም ነው።

አማካሪዋ ይህን አላነሡትም። 31ን ያየ ዓይን 2ን ለማየት ፋታ አላገኘም። ይህች ናት የቁጥሩ ትልቋ ጥፋት፤ ንጹሑን መክሰሷ ብቻ ሳይሆን ጥፋተኛውን በሕዝብ መሀል መደበቋ።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ስትመለስ ፕሮግራሙን የሚያሠራውን ሠራተኛ «ዋቢና ጥቅስ ሳይቆጠር ቢወጣስ?» ብላ ጠየቀችው። እንዲህ ዓይነት ምርጫ በነዚህ ፕሮግራሞች ላይ የተለመደ ነው። በአንድ ደቂቃ አወጣላት። ያው ጽሑፍ፣ ስንኞቹም ወደ ቀድሞ ቃላቸው ተመልሰው፣ ከ20 በታች ገባ። ስልክ ደውላ ስትነግረኝ ድምጿ ይስቅ ነበር። «አለፍኩ ጋሼ! ሁለቱን አንቀጽም ሳልነካው አለፍኩ።»

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ከዚያ «ግን አውቄዋለሁ አይደል?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ፕሮግራሙ የሚለው የለም፤ መመሪያውም የሚለው የለም። በቁጥር ሕግ ተፈጽሟል። የቀረው አንድ ሰው ራሱ ከጻፈው ጽሑፍ ጋር ብቻውን ሲቀር የሚሰማው ነገር ነው። ሁለቱን አንቀጽ አወጣች። አንዱን በጥቅስ አስገብታ ደራሲውን ጠራች፤ ሁለተኛውን መጽሐፉን ዘግታ የገባትን ያህል በራሷ ቋንቋ ጻፈች። ግማሽ ገጽ አጠረ። በእኔ አስተያየት ከ112ቱ ገጽ ከፍተኛውን ትምህርት ያገኘችው ከዚያች ግማሽ ገጽ ነው።

አንባቢ የጠፋበት ወንበር

ለፍትሕ ስንል ሌላውንም ወገን እንስማ። ከነዚህ ፕሮግራሞች በፊት ነገሩ ሰላም አልነበረም። የሌላ ተማሪ ጽሑፍ ሽፋኑ ብቻ ተለውጦ የሚቀርብበትን ጊዜ የምናውቅ እናውቀዋለን። ዛሬም የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ የሚሠሩ ሰዎች መኖራቸው ምሥጢር አይደለም። ፕሮግራሙ ሰነፉን ሌባ ይይዛል፤ የጉልበት ዋጋ አለው። አማካሪዎቹም ቢሆኑ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙ ተማሪ የተሸከመ፣ ደመወዙ ወር የማያደርሰው መምህር በአንዲት ቁጥር የሚገላገልበት መንገድ ሲያገኝ ቢይዘው አይፈረድበትም። ደግሞም ቁጥር አይከራከርም፤ አድልተሃል አይባልበትም። እውነተኛው ምክንያት ይህ ይመስለኛል። አንብቦ መፍረድ ኃላፊነት ነው፤ ቁጥር ጠቅሶ መፍረድ ግን ኃላፊነትን ወደ ማሽን መግፋት ነው።

ነገር ግን ብልጡን ሌባ ማን ይይዘዋል? የአማርኛ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ የራሴ ነው ያለ፣ ኢንተርኔት ላይ ካልወጣ የቆየ የቤተ መጻሕፍት ጥራዝ የገለበጠ፣ ለሰው ከፍሎ ያስጻፈ፣ ሁሉም በአረንጓዴ ያልፋሉ። ጎተራው ውስጥ የሌለ እህል አይመዘንምና። የሚይዛቸው ያንን መጽሐፍ ያነበበ መምህር ብቻ ነው።

የጀርመኑ ጉዳይ ይህን ያስተምራል። ጉተንበርግ የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ፤ የባይሮይት ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል፤ ያውም በከፍተኛ ማዕረግ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 አንድ የሕግ ፕሮፌሰር ሂስ ሊጽፍበት ጽሑፉን ሲያነብ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ነገር አገኘ። ከዚያ ብዙ ሰዎች ተሰባስበው ገጽ በገጽ እያመሳከሩ ለሕዝብ አወጡት። ዩኒቨርሲቲው ማዕረጉን ነጠቀ፤ ሚኒስትሩ መጋቢት 1 ቀን 2011 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ነገሩን የጀመረው ሂስ ጸሐፊ ነው። የሙያ ወገንተኝነት አይባልብኝና፣ የተጀመረው በማንበብ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ቁጥር መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰከንድ ውስጥ ከማንም የማይገጥም ጽሑፍ ስለሚያመርት፣ የመመሳሰል ቁጥሩ እዚያ ላይ ዓይነ ስውር ነው። ስለዚህ «ይህ በማሽን የተጻፈ ነው» የሚል መቶኛ የሚሰጡ ፕሮግራሞች ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ሞክረው፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በእጃቸው ከጻፏቸው ድርሰቶች ውስጥ በአማካይ ከግማሽ በላዩን «የማሽን ነው» ሲሉ አገኟቸው። ምክንያቱ የሁለተኛ ቋንቋ ጸሐፊ የሚያውቃቸውን ጥቂት ቃላት ስለሚደጋግም ነው። ይህ ለእኛ ተማሪ ምን ማለት እንደሆነ መዘርዘር አያስፈልግም። በተውሶ ቋንቋ ጻፍ አልነው፤ ሲጽፍ ደግሞ አጻጻፍህ የሰው አይመስልም ልንለው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፕሮግራሙን እንጣለው አልልም። ሪፖርቱ ለተማሪው ከነቀለሙና ከነምንጩ ይሰጠው፤ ቁጥሩ ብቻ ተቆርጦ አይላክለት። ዋቢና ጥቅስ አስቀድሞ ይውጣ። ቃል ግጥም፣ የሕግ አንቀጽ፣ የቅዱሳት መጻሕፍት ቃል ያለበት ጥናት በዚያው ዓይን ይታይ። ከሁሉም በላይ፣ «ከ20 በታች አድርገሽ አምጪ» የሚለው ትእዛዝ «7ኛ ገጽ ላይ ያለውን ከማን ወሰድሽ?» በሚል ጥያቄ ይተካ። ያን ጥያቄ ለመጠየቅ 7ኛውን ገጽ ማንበብ ግድ ይሆናል።

የአክስቴ ልጅ በዚያው ዓመት ክረምት ጽሑፏን አቀረበች። ስለ ቁጥሩ ማንም አልጠየቃትም፤ ከወለሉ በታች ነበርና። ከፈታኞቹ አንዱ ግን 64ኛውን ገጽ ገልጠው «ይህቺ ሴት ምሰሶ ያለችው ሌላ ቦታ ካለው ሙሾ ጋር አንድ ነው፤ የእሷ የሆነው ምኑ ላይ ነው?» አሏት። ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳች። ሲወጡ ሽማግሊቱን ጠይቂልኝ እንዳሏት ነገረችኝ። አንድ ሰው አንብቦታል ማለት ነው።